ያ ዝናብ ስንት ሰዓት ጣለ?

የጁባ ዝናብ የሚያስጠነቅቀው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በስተምዕራብ በጀበል ኩጁር አናት ላይ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ቀዩ አቧራ ከመንገዱ ይነሣል፤ ወዲያው የቆርቆሮው ጣሪያ ሰውን ከሰው የማያደማምጥ ጩኸት ያሰማል። በዚህች የነጭ አባይ ዳር ከተማ አንድ ክረምት የከረመ የሠራዊት አባል ሁሉ ይህን ስለሚያውቀው ብዙ ማብራራት አያሻም።

ባለፈው ክረምት በአንድ የቅዳሜ ምሽት የሠፈራችን የሙዚቃ ቡድን በሜዳው ላይ ዝግጅቱን በማቅረብ ላይ ሳለ ይኸው ዝናብ ድንገት ወረደብን። መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ የባስ ጊታሩም ድምፅ ተቋረጠ። የቀረው ከበሮውና የሰው ጉሮሮ ነበር። ዘፋኙ ያለ ድምፅ ማጉያ ዘፈኑን ቀጠለ፤ ተመልካቹም ወደ ድንኳን መሸሹን ትቶ እጁን እያጨበጨበ፣ በቦት ጫማው ጭቃውን እየረገጠ ተቀበለው። ከኮፍያው ጫፍ ውኃ እየተንጠባጠበ ለመጨፈር የወጣው አንድ አንጋፋ ባለማዕረግ በሥራ ሰዓት ፈገግ ሲል እንኳ ታይቶ የማይታወቅ ሰው ነበር። ስሙን ብጠቅስ ይቆጣል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ምሽቱ ራሱ ሳይሆን በማግሥቱ በቁርስ ሰዓት የተነሣው ክርክር ነው። አንዱ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘነበብን» አለ። ሌላው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው መብራቱ የጠፋው ከዝናቡ በፊት መሆኑን ምሎ ተናገረ። ነገሩ ስለ ተካረረ ወደ ጥበቃው ቢሮ ሄጄ የተረኛ መኮንኑን መዝገብ ገልጬ አየሁ። ዝናቡ የጣለው ከምሽቱ 1፡40 እስከ 2፡20 ነበር፤ አርባ ደቂቃ መሆኑ ነው። ተመልሼ ይህንኑ ብነግራቸው ግን ያመነኝ አልተገኘም። «መዝገቡ ተሳስቷል» አሉኝ በአንድ ድምፅ፤ እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ያረፈዱት ሰዎች በዚህ በዚህስ ተስማሙ። በጦር አካዳሚ ትምህርቴ ያልተጻፈ ሪፖርት እንዳልተፈጸመ ግዳጅ እንደሚቆጠር የተማርሁ በመሆኔ ነገሩ ከነከነኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በእኛም ቤት እንዲህ ያለ ያልተፈታ ክርክር ነበረ። አባቴ ወታደር ነበር። እናቴንም ያገኛት ክፍለ ጦሩ ለወታደሩና ለከተማው ሕዝብ ባቀረበው የኪነት ትርኢት ላይ፣ በሜዳ ላይ፣ በዝናብ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ይስማማሉ። አባዬ ይተርክ የነበረው ዝናቡ የጀመረው ገና የመጀመሪያው ዘፋኝ ሲወጣ እንደ ሆነና እርሱም የዝናብ ልብሱን አውልቆ እንደ ሰጣት ነው። እማዬ በበኩሏ «የለም፤ ዝናቡ የመጣው ትርኢቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ የዝናብ ልብሱንም የሰጠኝ አንተ ሳትሆን ጓደኛህ ነው» ትለው ነበር። በየበዓሉ ቡናው ሲፈላ ይህ ክርክር ይነሣል። እኛ ልጆቹም ማን እንደሚረታ ለማየት እንጓጓ ነበር፤ የረታ ግን አልነበረም።

በዝናብ ስለ ተደረገ የሜዳ ሙዚቃ ሲነሣ ዓለም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅሰው ዉድስቶክን ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 15 እስከ 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ቤቴል በተባለች የገጠር ቀበሌ፣ በአንድ የወተት ከብት አርቢ የግጦሽ መሬት ላይ ከ400,000 በላይ የሚገመት ሕዝብ ተሰበሰበ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዘጋጆቹ የጠበቁት የዚህን ግማሽ ያህል እንኳ አልነበረም። አጥሩ ተሠርቶ ሳያልቅ ሰው ስለ ገባ ዝግጅቱ በነፃ ይታይ ተባለ። መንገዱ በመኪና ተዘጋ፤ ምግብና መጸዳጃ አነሰ፤ በዚህ ላይ ዝናቡ መጣ። ከተመልካቹ አብዛኛው የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ወጣት ነበር፤ ሐኪምና መድኃኒት ያመላለሰለት ግን የዚያው የአገሩ ጦር ሄሊኮፕተር ነው። ይህ ለእኛ ለወታደሮች ልብ የሚባል ነገር ይመስለኛል።

ከተጫዋቾቹ መካከል ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣው ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ ይገኝበታል። ይህ ባንድ ፈረንጆች «ጃም ባንድ» ለሚሉት የአጨዋወት ዓይነት እንደ አባት የሚቆጠር ነው። ዘፈኑ በግጥሙ ካለቀ በኋላ ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን እየተቀባበሉ፣ ቀድሞ ባልተጠና መንገድ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይጫወታሉ። ዛሬ ማታ የተሰማው ዜማ ነገ ማታ እንደዚያው ሆኖ አይደገምም። ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በአዝማሪ ቤት አድማጩ ግጥም ወርውሮ «ተቀበል!» ሲል ማሲንቆ መቺው ያንኑ ተቀብሎ ያዜማል፤ የዚያ ምሽት ዘፈን እኩሌታ የተሠራው በታዳሚው አፍ ነው። ጃም ባንድ የሚባለውም በሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ አድማጩ የሚወረውረው ቃል ሳይሆን ሆታና ጭፈራ መሆኑ ነው።

ግሬትፉል ዴድ በዉድስቶክ መድረክ የወጣው በቅዳሜ ሌሊት ነው። ዕቃው ከባድ ስለ ነበር ለመሣሪያ መለዋወጫ የተሠራው ተሽከርካሪ መድረክ ሸክሙን አልችል ብሎ ተሰበረ፤ በዚህም ብዙ ሰዓት ባከነ። መድረኩ ርጥብ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦም በደንብ አልተያያዘም። ጊታሪስቶቹ ክሩን በነኩ ቁጥር፣ ወደ ድምፅ ማጉያውም በተጠጉ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይነዝራቸው ነበር። የተጫወቱት አምስት ዘፈን ብቻ ሲሆን የመጨረሻው ብቻውን ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እነርሱ ራሳቸው በየጊዜው የተናገሩት በሕይወታቸው ከተጫወቱት ሁሉ መጥፎው ያ እንደ ነበረ ነው። በ1970 በወጣው ታዋቂ የዉድስቶክ ፊልም ውስጥም የእነርሱ ጨዋታ አልገባም።

ከእነርሱ ቀጥሎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የወጣው ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል ነበር። የባንዱ ዘፋኝ ጆን ፎገርቲ በኋላ ሲያስታውስ ከፊቱ ያየው ጭቃ ለጭቃ ተቃቅፎ የተኛ ሕዝብ እንደ ነበረ ይተርካል። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል በጨለማው ውስጥ በሩቅ አንድ ሰው ላይተር ለኩሶ «አይዞህ፣ እኛ አለንልህ» የሚል ቃል ጮኸለት። ፎገርቲ የቀረውን ጊዜ የተጫወተው ለዚያ ለአንድ ሰው መሆኑን ተናግሯል። ጨዋታቸው ግን ደካማ ነበር ብሎ ስላመነ በፊልሙ እንዳይገባ አደረገ። ሃምሳ ዓመት አለፈ። በ2019 የዚያ ሌሊት ቅጂ በሙሉ ታትሞ ሲወጣ የሰማው ሁሉ ተደነቀ፤ ባንዱ በደንብ ነው የተጫወተው! ተጫዋቹ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያማው የኖረውን ሥራ ቴፑ ነፃ አወጣው ማለት ነው።

ስለ ዝናቡም እንደዚሁ ነው። ከባዱ ዶፍ የወረደው እሑድ ከቀትር በኋላ ሲሆን ሙዚቃውን ለሰዓታት አቋርጦታል፤ ዓርብ ሌሊትም ዘንቧል። ዛሬ ሲወራ ግን ሦስቱም ቀን ያለማቋረጥ የዘነበ ይመስላል። የእኛ የቅዳሜ አርባ ደቂቃ ሁለት ሰዓት የሆነችው በአንድ ሌሊት ነው፤ በሃምሳ ዓመት ስንት እንደምትሆን አንባቢ ይገምት።

ዝናብ ሁልጊዜ ትዝታን ያሳምራል ማለት አይደለም። በነሐሴ 2004 ፊሽ የተባለው የዚሁ ዓይነት ባንድ በቨርሞንት ክፍለ ሀገር በኮቨንትሪ የስንብት ጨዋታ ሲያዘጋጅ ቀደም ብሎ የጣለው ዝናብ ሜዳውን ረግረግ አደረገው። መኪና ማቆሚያ ስለ ጠፋ በመንገድ ላይ የነበሩት ወደየቤታቸው እንዲመለሱ በሬዲዮ ተለመኑ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን መኪናቸውን በአውራ ጎዳናው ዳር ትተው፣ ጓዛቸውን ተሸክመው በእግራቸው ገቡ። የጠበቃቸው ጨዋታ ደካማና እንባ የበዛበት ነበር፤ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ ያማርሩበታል። የሚገርመው ግን የሚያማርሩት ስለ ጨዋታው እንጂ ስለ እግር መንገዱ አለመሆኑ ነው። ስለ ጉዞው ሲያወሩ ይኮራሉ። ይህንን ረጅም የእግር ጉዞ የሠራ የሠራዊት አባል ያለ ማስረጃ ያምነዋል።

የእነዚህ ባንዶች ወዳጆች የራሳቸው መዝገብ ያዦች አሏቸው። ግሬትፉል ዴድ አድማጮቹ ጨዋታውን በቴፕ እንዲቀዱ ከመፍቀድም አልፎ በ1984 ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ደንቡም ቅጂው ለንግድ አይውልም፣ ከእጅ ወደ እጅ በልውውጥ ይተላለፋል የሚል ነበር። በዚህ ምክንያት «በዚያ ሌሊት እንዲህ ተጫወቱ» ብሎ የሚከራከር ሰው ካሴቱን አውጥቶ ማስመስከር ይችላል።

በአገራችንስ? በአዲስ አበባ ሰውን አንድ ላይ አግቶ ያሳደረው ዝናብ ሳይሆን ሰዓት እላፊ ነበር። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሌሊት መንቀሳቀስ የተከለከለ በመሆኑ ሰዓቱ ያለፈበት የሙዚቃ ቤት ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው ይቀራል፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። እስኪነጋ የሚጫወት ባንድ ያለው የዘፈን ብዛት ስለማይበቃው ዜማውን ማርዘም፣ መሣሪያውን በየተራ ማናገር ግድ ይሆንበታል። በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድና በግዮን የነበረው ዳህላክ ባንድ የኖሩት በዚህ ዘመን ነው። የዋሊያስ «ቼ በለው» በ1977 በሸክላ ታተመ፤ በውስጡም የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ይገኛል። ዘፋኝ የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻ የሚናገርበት ሙዚቃ ያን ጊዜ ገበያው ጠባብ ነበር።

የዋሊያሱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ የደብረ ብርሃን ተወላጅ ሲሆን ገና በልጅነቱ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብቶ የሠለጠነ ነው፤ ስለዚህም ከእኛ ቤት የወጣ ብንለው አላጋነንንም። በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ፒያኖ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያም በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ መንገደኛ እስኪያገኝ ድረስ በአውሮፕላን ማረፊያው ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው እያወጣ ይለማመድ ነበር። በ2013 ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ያገኘው በባሕር ዳር ነው። በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በባሕር ዳር ከአሮጌ ካሴቶች ጋር ሳይጣል የተረፈው ያ ትንሽ ዕቃ ባይገኝ ኖሮ፣ ያ ሰው እስከ መጨረሻው ታክሲ ነጂ ብቻ ሆኖ ይቀር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በየቤታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ያረጁ ካሴቶች ካሉ፣ የቤት እመቤቶችን እለምናለሁ፣ አትጣሉ።

ወደ ዓባይ ልመልሳችሁ። ከዉድስቶክ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1978፣ ያው ግሬትፉል ዴድ ግብፅ ድረስ መጥቶ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ሦስት ሌሊት ተጫወተ። የመጨረሻው ሌሊት የጨረቃ ግርዶሽ የታየበት ነበር። ዝናብ በማያውቀው በዚያ በረሃም ቢሆን ባንዱ በሥራው አልረካም፤ ቅጂው የታተመው በ2008 ነው። በዚያ መድረክ ላይ አብሯቸው የተጫወተው ሐምዛ ኤል ዲን የኑብያ ሰው ነበር። የተወለደባት ቶሽካ መንደር በአስዋን ግድብ ውኃ ተውጣለች። ለእርሱ የአገሩ ዜማ ማለት መልሶ የማያያትን መንደር ማለት ነበር።

እዚሁ ጁባም የሰመጠ ሙዚቃ አለ፤ ያሰመጠው ግን ውኃ አይደለም። በየካቲት 1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት ሲያቆም ጁባ የደቡቡ ራስ ገዝ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት የሰላም ዓመታት በዚህች ከተማ የሌሊት ሙዚቃ አበበ። ስካይላርክስ፣ ከደቡብ በኩል ከምትገኘው መንደር ስሙን የወሰደው ሬጃፍ ጃዝም፣ በጊዜው የታወቁ ባንዶች ነበሩ። ጊታራቸው የኮንጎን፣ የካምፓላንና የናይሮቢን አጨዋወት የተከተለ ነበር። በ1983 ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ ይህ ሁሉ ከሰመ። ዩሱፍ ፈታኪ የተባለው የደቡቡ ተወዳጅ ዘፋኝ ሥራዎቹ የተቀረጹባቸው ቴፖች በኦምዱርማን ሬዲዮ እንደ ተደመሰሱ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የተረኛ መኮንኑን መዝገብ ይዤ ከጓደኞቼ ጋር የተከራከርሁት ነገር ትዝ አለኝና አፈርሁ። መዝገብ ያለው ሰው «መዝገቡ ተሳስቷል» ብሎ ሊቀልድ ይችላል። ቴፑ የተደመሰሰበት ሕዝብ ግን የት ሄዶ ያመሳክር? የዚያ ዘፋኝ ድምፅ ያለው በሰሙት ሰዎች ጆሮ ውስጥ ነው፤ እነርሱም በጦርነቱ ብዙዎቹ አልቀዋል፣ የቀሩትም አርጅተዋል። አንድ ሽማግሌ ባረፈ ቁጥር ሌላ ቴፕ ይደመሰሳል።

የሁለተኛው ጦርነት ስደተኞች ብዙዎቹ የተጠለሉት በአገራችን በጋምቤላ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ ካምፕ ነበር። በ1990 በዚያ ካምፕ በሱዳን ሙዚቃ ታሪክ ከሚተረኩት የሜዳ ጨዋታዎች ሁሉ ምናልባት ትልቁ ተደረገ። የተጫወተው መሐመድ ዋርዲ ነው። ዋርዲ በ1932 በሰሜን ሱዳን በኑብያ የተወለደ፣ መምህር የነበረ፣ በኋላም በመላው ሱዳን አቻ ያልተገኘለት ዘፋኝ የሆነ ሰው ነው። በፖለቲካ አቋሙ ታስሯል፤ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም አገሩን ለቆ ተሰዷል። በኢታንግ ያዳመጠው ሕዝብ ወደ 250,000 እንደሚደርስ ተነግሯል። ይህ እንግዲህ ከዉድስቶክ ሕዝብ ግማሽ በላይ ነው፤ ልዩነቱ የኢታንግ ታዳሚ በትርፍ ጊዜው ለመዝናናት የመጣ አለመሆኑ ነው። እህል የሚቀበለው በራሽን፣ የሚያድረው በሣር ጎጆ ነበር።

ነገሩን ወታደር በሆነ ዓይን እንመልከተው። ይህ ሕዝብ የሸሸው ከካርቱም መንግሥት ጦር ነው። ዘፋኙ የሰሜን ሰው ነው፤ የሚዘፍነውም ያ መንግሥት ትእዛዙን በሚጽፍበት በዐረብኛ ነው። ከአድማጩ ልጁን ወይም ወንድሙን በዚያ ጦርነት ያላጣ ጥቂት ነበር። ድንጋይ ቢወረውሩበት ማን ይፈርድባቸው ነበር? የተደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በደስታና በሆታ ተቀበሉት። ምክንያቱን ለመተንተን የሚሹ ብዙ ይላሉ። እኔ የማውቀው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የሱዳን ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው። የእኛም ትዝታ ቅኝት እንዲሁ። አንድ የጎንደር ልጅ የዋርዲን ዘፈን ቃሉን ሳይረዳ አብሮ የሚያንጎራጉረው ስለዚህ ነው። ዜማ ቃሉ የማይገባበት ቤት ይገባል።

ያ ጉባኤ ግን ከዓመት በላይ አብሮ አልቆየም። በግንቦት 1991 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ ካምፑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሽማግሌውን ደግፎ፣ ሕፃኑን አዝሎ፣ ወደ ናስር አቅጣጫ በእግሩ ወጣ። ጊዜው የዝናብ ወራት ነበር፤ ወንዞቹ ሞልተዋል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከላይ ደግሞ የጦር አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል። በኮቨንትሪ ጭቃ በፈቃዳቸው የተጓዙትን ሰዎች ታሪክ ከጻፍሁ በኋላ ይህንን ስጽፍ ብዕሬ ከበደኝ። ሁለቱም በዝናብ የተደረገ የእግር ጉዞ ነው፤ ግን በአንድ ቃል መጥራት አይገባም።

ዋርዲ በ2002 ወደ ካርቱም ተመለሰ። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው በሐምሌ 9 ቀን 2011 ነው፤ እርሱም ከሰባት ወር በኋላ በየካቲት 2012 ዐረፈ። በኢታንግ ሕፃን ሆኖ ያዳመጠው ትውልድ ዛሬ በዚህች በጁባ ጎልማሳ ነው። በኮኞኮኞ ገበያ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ የዋርዲ ዘፈን ከአንድ ትንሽ ሬዲዮ ሲወጣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ወሬያቸውን አቋረጡ። ብርጭቆአቸውን ይዘው ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝም አሉ። ካለቀ በኋላ ወሬውን ካቆሙበት ቀጠሉ። የት እንደ ሰሙት ልጠይቃቸው አሰብሁና ተውሁት፤ ዩኒፎርም የለበሰ እንግዳ ሲጠይቅ ሰው የሚመልሰው መልስ ሌላ ነው።

ለዚህ ዓምድ አንባቢያን አንድ አሳብ አለኝ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ወደ ቤተሰባችሁ ስትደውሉ ወይም ስትጽፉ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ልጆች ትምህርት ከተነጋገራችሁ በኋላ፣ አባትና እናቶቻችሁን በሕይወታቸው ያዩት የማይረሱት የሙዚቃ ዝግጅት የትኛው እንደ ሆነ ጠይቁልን። የት ነበር? ማን ዘፈነ? ዘንቦ ነበርን? የሚነግሯችሁን ሳታርሙ፣ ቀኑን ከመዝገብ ሳታመሳክሩ እንዲሁ ጻፉልን። ባልና ሚስት የማይስማሙ ከሆነ ሁለቱንም ላኩ፤ ጎን ለጎን እናትማቸዋለን።

እኔ ከእናቴ ጀመርሁ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው እሑድ ደውዬ ከሰላምታው በኋላ «እማዬ፣ ያን ቀን ዝናቡ የጀመረው መቼ ነበር?» አልኋት። ትንሽ ዝም አለች። የጁባው ቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ በዚሁ ሰዓት መጮህ ጀምሮ ስለ ነበር ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ገና የመጀመሪያው ዘፋኝ ሲወጣ ነዋ» አለችኝ። «አባትህ የዝናብ ልብሱን አውልቆ ሰጠኝ።»